ጎማው ቀድሞ መጣ፣ ትምህርቱ ዘገየ

ቻርልስ ጉድይር የተባለ አሜሪካዊ ጥሬ ጎማን ከድኝ ጋር ቢያሞቀው በበጋ የማይቀልጥ፣ በክረምት የማይሰባበር ጎማ እንደሚሆን የደረሰበት በ1839 ነው (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1870 ገደማ ከጥጥ የሚሠራው ሴሉሎይድ ገበያ ገባ። በ1907 ደግሞ ቤልጅየም ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ሊዮ ቤክላንድ የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ፣ ቤክላይትን፣ ሠራ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር መኪናው በጎማ ይሄዳል፣ ፊልሙ በሴሉሎይድ ላይ ይቀረጻል፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው በቤክላይት ይሸፈናል።

ሦስቱም የተገኙት በሙከራና በትዕግሥት ነው። ጉድይር ለምን ድኝ ጎማን እንደሚያጠነክር ሳያውቅ ሞተ። በወቅቱ በዓለም ላይ ስለነዚህ ነገሮች ውስጣዊ አሠራር የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል አልነበረም። ዛሬ የፖሊመር ፊዚካል ኬሚስትሪ የሚባለው ትምህርት የተወለደው ፋብሪካዎቹ ሥራ ከጀመሩ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ሲወለድም ምጡ ከባድ ነበር፦ ክርክር፣ ስደት፣ ጦርነት አለበት። ይህን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው ለኬሚስቶች ብቻ አይደለም። አንድ አገር ዕቃ ከመግዛት አልፎ ዕውቀቱን የራሱ የሚያደርገው እንዴት እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

▪️ ሻማውና ጀሪካኑ

የክርክሩን ፍሬ ነገር ለመረዳት ሁለት የቤት ዕቃዎች ይበቃሉ፦ ሻማና የውሃ ጀሪካን። ተራው የሱቅ ሻማ የሚሠራበት ፓራፊንና ጀሪካኑ የሚሠራበት ፖሊኤትሊን በኬሚካላዊ ቅንብራቸው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለቱም በካርቦን ሰንሰለት ላይ ሃይድሮጅን የተለጠፈባቸው ናቸው። ልዩነቱ ርዝመቱ ላይ ነው። የሻማው ሰንሰለት ከ20 እስከ 40 የሚሆኑ ካርቦኖች አሉት። የጀሪካኑ ሰንሰለት ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ካርቦኖችን ይይዛል። ሻማ በጥፍር ይፋቃል፤ ጀሪካን ሃያ ሊትር ውሃ ይዞ ከአህያ ጀርባ ቢወድቅም አይሰበርም። ረጃጅሞቹ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ አንዱን ሳይጎትቱ ሌላውን መምዘዝ አይቻልም።

ይህ ዛሬ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚነገር ነገር ነው። በ1920 ግን ይህን የሚናገር ኬሚስት ይሳቅበት ነበር።

የዘመኑ ሊቃውንት ሞለኪውል ሲሉ ትንሽ ነገር ነበር የሚታያቸው። ስኳር ሲጣራ ክሪስታል ይሠራል። አልኮል በቁርጥ የሙቀት መጠን ይፈላል። ጎማ ግን አይፈላም፤ ሲሟሟም ዝልግልግ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ ጎማ፣ ጥጥና ስታርች ትንንሽ ሞለኪውሎች በደካማ ኃይል ተሳስበው የፈጠሩት ክምችት ናቸው ተባለ። በአገርኛ ምሳሌ ብናስቀምጠው በሳህን ላይ የተከመረ ዶቃ ማለት ነው። በክር የተሰካ ዶቃ ሊሆን ይችላል ያለ ጥቂት ነበር።

ክምችት ያሉትም ያለ ማስረጃ አልነበሩም። የሴሉሎስ ክሪስታል በኤክስሬይ ሲታይ እየተደጋገመ የሚሄደው ንድፍ በጣም ትንሽ ነው። ሞለኪውል ከዚህ ተደጋጋሚ ንድፍ ሊበልጥ አይችልም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ረጅም ሞለኪውል አለ ማለት የማይቻል ነገር መስሎ ታያቸው።

▪️ ሰውየው ከዙሪክ

ሄርማን ስታውዲንገር በ1881 ጀርመን ቮርምስ ከተማ ተወለደ። ከ1912 ጀምሮ በዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር፤ ኬቲን የሚባሉትን ውሁዶች በማግኘቱም ስሙ ተከብሮ ነበር። በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ ጎማና መሰሎቹ በተራ ኬሚካላዊ ትስስር የተያያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው አለ። በ1922 ደግሞ እነዚህን «ማክሮሞለኪውል» ብሎ ጠራቸው፤ ግዙፍ ሞለኪውል ማለት ነው።

ሐሳቡን ለመፈተን ያደረገው ሙከራ ቀላልና ብልህ ነበር። ተቃዋሚዎቹ የጎማን ትንንሽ ሞለኪውሎች አንድ ላይ የሚይዛቸው በውስጣቸው ያለው ድርብ የካርቦን ትስስር ነው ይሉ ነበር። እንዲያ ከሆነ ሃይድሮጅን ጨምሮ ድርብ ትስስሩን ማጥፋት ክምችቱን ሊበትነው ይገባል። ስታውዲንገርና ረዳቱ ሃይድሮጅኑን ጨመሩ፤ ድርብ ትስስሩ ጠፋ፤ ጎማው ግን አልተበተነም። እንደ ቀድሞው ዝልግልግ ሆኖ ቀጠለ።

ማስረጃው ቢቀርብም ሰው ወዲያው አልተቀበለውም። ሃይንሪሽ ቪላንድ የተባለው ታዋቂ ኬሚስት ግዙፍ ሞለኪውል የሚባለውን ነገር እንዲተው፣ ጎማውን በደንብ ቢያጣራው ክሪስታል እንደሚሆንለት በወዳጅነት መክሮት ነበር። ዙሪክን ለቆ ወደ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዱ በፊት ለከተማዋ ኬሚስቶች ባደረገው ንግግርም ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በመስከረም 1926 በዱሰልዶርፍ በተካሄደው የጀርመን የተፈጥሮ ሳይንስ ተመራማሪዎችና ሐኪሞች ጉባኤ ሁለቱም ወገን ፊት ለፊት ቆመ። በዚያ መድረክ ሄርማን ማርክ የተባለ ወጣት የኤክስሬይ ባለሙያ ተናገረ። ማርክ የማንንም ወገን ባንዲራ አላነሳም። ነገር ግን ትንሹ ተደጋጋሚ ንድፍ ረጅም ሞለኪውል መኖሩን እንደማይከለክል አስረዳ። ረጅም ሰንሰለት በብዙ ንድፎች ውስጥ አልፎ ሊሄድ ይችላልና።

▪️ መለኪያው ሲመጣ

ክርክሩን የቋጨው የፊዚካል ኬሚስትሪ መለኪያ ነው። ጥያቄው «ረጅም ሞለኪውል አለ ወይ?» ከሚለው ወደ «ስንት ይመዝናል?» ሲለወጥ መልስ መስጠት ተቻለ።

በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ቴዎዶር ስቬድቤሪ ከ1924 ጀምሮ አልትራሴንትሪፉጅ የተባለ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው የተሟሟ ነገርን በከፍተኛ ፍጥነት እያሽከረከረ ከባዱን ወደ ታች ያዘቅጣል። በዚህ የደም ሄሞግሎቢን ሲመዘን ክብደቱ ከሃይድሮጅን አቶም 67,000 ጊዜ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ቅንጣቶች እኩል ክብደት ነበራቸው። በዘፈቀደ የተከመረ ነገር እንዲህ ወጥ ሊሆን አይችልም። ስቬድቤሪ በ1926 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ስታውዲንገርም የራሱን መለኪያ ያዘ። ፖሊመር የተሟሟበት ፈሳሽ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ለመውረድ የሚፈጅበትን ጊዜ ለካ። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ፈሳሹ ይወፍራል፣ አወራረዱም ይዘገያል። ርካሽ ቱቦና የሰዓት መቁጠሪያ ያለው ማንኛውም ቤተ ሙከራ የሞለኪውልን ርዝመት መገመት ቻለ። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የፖሊመር ተማሪ ከሚሠራቸው የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዱ ይኸው ነው።

ሆኖም ትክክል የነበረው ሰውም በአንድ ነገር ተሳስቷል። ስታውዲንገር ሞለኪውሎቹ እንደ ዱላ ቀጥ ያሉ ናቸው ብሎ ያምን ነበር። ቬርነር ኩን፣ እንዲሁም ማርክ ከዩጂን ጉት ጋር፣ በ1930ዎቹ ሰንሰለቱ ተጣጣፊ እንደሆነ፣ በነጻ ሲተውም እንደ ተዘበራረቀ ክር እንደሚጠቀለል በሒሳብ አሳዩ። የጎማ መለጠጥም ከዚህ የሚመጣ ነው። ክሩን ስንጎትተው ይስተካከላል፤ ስንለቀው ወደ ዝብርቅርቁ ይመለሳል፤ ዝብርቅርቁ ሊሆን የሚችልባቸው መንገዶች እጅግ ይበዛሉና። ይህን ማንም ሰው ሊፈትነው ይችላል። ወፈር ያለ የብር ማሰሪያ ላስቲክ በፍጥነት ተለጥጦ ከንፈር ላይ ቢደረግ ይሞቃል። ተለጥጦ ሳለ ቢሞቅ ደግሞ እንደ ብረት አይረዝምም፤ ይኮማተራል።

▪️ ዕውቀት ሲሰደድ

ጀርመን በዚህ ዕውቀት የዓለም ቀዳሚ ነበረች። ቀዳሚነቷን በራሷ እጅ በተነችው።

በ1933 የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የሆነው ፈላስፋው ማርቲን ሃይደገር ነው። ሃይደገር ስታውዲንገር በፖለቲካ የማይታመን ሰው ነው ብሎ ለባለሥልጣናት ጠቆመ። ክሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስዊዘርላንድ ሆኖ ጦርነቱን መቃወሙ ነበር። ጌስታፖ መረመረው። በየካቲት 1934 ሃይደገር ሰውየው ከሥራ እንዲባረር በጽሑፍ አሳሰበ። ስታውዲንገር የመልቀቂያ ደብዳቤ እንዲጽፍ ተደረገ፤ ደብዳቤው ሳይፈጸም ቢቀርም ከራሱ ላይ የተንጠለጠለ ሰይፍ ሆኖ ቆየ። በኅዳር 1944 ደግሞ ፍራይቡርግ በአየር ስትደበደብ ቤተ ሙከራው ፈረሰ። የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1953፣ በ72 ዓመቱ ነው።

የማርክ ዕጣ ሌላ ነበር። አባቱ የአይሁድ ዘር ስለነበር የሚሠራበት የጀርመን ኩባንያ ኃላፊ ናዚዎች ሥልጣን ሳይዙ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ መከረው። በ1932 ወደ ትውልድ ከተማው ቪየና ተመልሶ በዩኒቨርሲቲው የፊዚካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። ስለ ፖሊመር የተሟላ የትምህርት ፕሮግራም ከቀረጹት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው እዚያ ነው። በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል ማርክ ታሰረ። ከእስር ሲወጣ ፓስፖርቱ ተቀምቶ ነበር፤ በጉቦ አስመለሰው። ገንዘብ ይዞ መውጣት ስለማይቻል ውድ የፕላቲኒየም ሽቦ ገዝቶ እንደ ልብስ መስቀያ አጣመመው፤ ባለቤቱ ጨርቅ አለበሰችው፤ ልብስ ተሰቅሎበት ድንበር ተሻገረ። ቤተሰቡ ለሽርሽር እንደሚሄድ ሰው መኪናው ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ጭኖ ስዊዘርላንድ ገባ። ከዚያ በካናዳ በኩል አሜሪካ ደረሰ፤ በ1940 በኒውዮርክ ብሩክሊን ፖሊቴክኒክ ማስተማር ጀመረ።

ቪየና ያጣችው አንድ መምህር ብቻ አልነበረም። መምህሩ የተሸከመው ሥርዓተ ትምህርትም አብሮ ሄደ።

▪️ አገሮች ሲነቁ

አሜሪካ ውስጥ ዋላስ ካሮተርስ የተባለ ኬሚስት በ1928 ከሃርቫርድ ወደ ዱፖንት ኩባንያ ተዛውሮ ነበር። የስታውዲንገርን ሐሳብ ለመፈተን ሰንሰለቶቹን ደረጃ በደረጃ፣ በታወቀ ምላሽ እየቀጠለ ሠራ። በ1935 ናይለን የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው። ካሮተርስ ከብዙ ጊዜ የመንፈስ ጭንቀት በኋላ በ1937 በ41 ዓመቱ ሞተ፤ ናይለን ለሕዝብ ሲተዋወቅ አላየም። በቡድኑ የነበረው ወጣቱ ፖል ፍሎሪ ግን ሥራውን ወደ ሒሳብ ወሰደው። ፍሎሪ በኋላ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከሰጠው ተከታታይ ትምህርት የመነጨው መጽሐፉ በ1953 ታትሞ የትውልዶች መማሪያ ሆነ። እሱም በ1974 የኖቤል ተሸላሚ ነው።

የዩኒቨርሲቲዎችን በር በሰፊው የከፈተው ግን የጎማ ረሃብ ነው። በ1942 መጀመሪያ ጃፓን ማላያንና የዛሬዋን ኢንዶኔዥያን ስትይዝ አሜሪካ ከምታስገባው የተፈጥሮ ጎማ 90 በመቶ ገደማ ተቋረጠ። ያለ ጎማ ታንክም አውሮፕላንም አይንቀሳቀስም። ችግሩን እንዲያጠና የተቋቋመው ኮሚቴ ሦስት አባላት ነበሩት፤ ከሦስቱ ሁለቱ የሃርቫርድና የኤምአይቲ ፕሬዚዳንቶች ናቸው። ተፎካካሪ ኩባንያዎች ዕውቀታቸውን እንዲካፈሉ ተደረገ። ኢሊኖይ፣ ሚኔሶታና ኮርኔልን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ሥራ ተሰጣቸው። በ1941 ከ10 ሺህ ቶን በታች የነበረው የሰው ሠራሽ ጎማ ምርት በ1945 ከ700 ሺህ ቶን በላይ ሆነ። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በ1946፣ ማርክ በብሩክሊን የፖሊመር ምርምር ተቋምን መሠረተ። ፖሊመርን ለማጥናትና ለማስተማር ብቻ የቆመ በአሜሪካ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ተቋም ነበር።

ሶቪየት ኅብረት ከዚህ ቀድማ፣ በ1932፣ በሰርጌይ ሌቤዴቭ ዘዴ ሰው ሠራሽ ጎማ በፋብሪካ ማምረት ጀምራ ነበር። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ የፖሊመር የትምህርት ክፍል የተከፈተው ግን በ1955 በቫለንቲን ካርጊን ነው። እዚያም ፋብሪካው ከትምህርቱ ሃያ ዓመት ቀድሟል።

ከሁሉም የሚያስገርመው የኮሪያዊው የሪ ሱንግ ጊ ታሪክ ነው። አገሩ በጃፓን ቅኝ ተይዛ ሳለ ኪዮቶ ሄዶ ተማረ። በ1939 ከጃፓናዊው ኢቺሮ ሳኩራዳ ጋር በመሆን ቪኒሎን የተባለውን ሰው ሠራሽ ክር ሠራ። ጥሬ ዕቃው ከድንጋይ ከሰልና ከኖራ ድንጋይ ይገኛል፤ ነዳጅ ዘይት ለሌላት አገር ትልቅ ተስፋ ነው። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ሪ ወደ ሰሜን ሄደ፤ በ1961 በሃምሁንግ ከተማ ግዙፍ የቪኒሎን ፋብሪካ ተመረቀ። ክሩ ግን ደረቅ ያለ፣ ቀለም የማይቀበል፣ ለማምረትም ብዙ ኤሌክትሪክ የሚፈጅ ነበር። ጃፓን ክሩን ካወቀችበት ሥራ ላይ አዋለችው፤ ከሌሎች ክሮች ጋርም አወዳደረችው። ሰሜን ኮሪያ የብሔራዊ ኩራት ምልክት አደረገችው። ኩራት የሆነን ነገር ደግሞ «ከዚህ የተሻለ አለ» ብሎ መተቸት ያስቸግራል። ሳይንቲስት ማግኘት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ሳይንቲስቱ በነጻነት የሚነቀፍበት ማኅበረሰብም ያስፈልጋል። ስታውዲንገር ስለ ዱላ ቅርጽ ተሳስቷል ያሉት ታናናሾቹ ነበሩ፤ ሳይንሱም የተጠቀመው ከዚያ ነው።

▪️ ትምህርቱ ለምን ይጠቅማል?

ጥር 28 ቀን 1986 ጠዋት ፍሎሪዳ ባልተለመደ ብርድ ውላ ነበር። ቻሌንጀር መንኮራኩር ስትነሳ የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር። የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት በብርዱ ደርቆ በጊዜ ወደ ቅርጹ ሊመለስ አልቻለም። ትኩስ ጋዝ ሾለከ፤ ከ73 ሰከንድ በኋላ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ጎማ ሲቀዘቅዝ የሰንሰለቶቹ እንቅስቃሴ እየዘገየ ሄዶ በመጨረሻ እንደ መስታወት ግትር ይሆናል። ይህ የፖሊመር ፊዚካል ኬሚስትሪ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነው። የቀለበቱን ጉዳይ የሚያውቁ መሐንዲሶች ከበረራው በፊት በነበረው ምሽት አስጠንቅቀው ነበር፤ አለቆቻቸው አልሰሟቸውም።

ኢትዮጵያ ውስጥም ይኸው ትምህርት በየቀኑ በር ያንኳኳል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለውን፣ የማይበሰብስ ፌስታል ማምረትና ማስገባትን ከለከለ። ፌስታሉ ግን ከየሱቁ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ጠበቅ ያለ አዋጅ አጸደቀ። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በቅጣትና በነጋዴው ችግር ላይ ያተኩራል። ከሥሩ ያሉት ጥያቄዎች ግን የፖሊመር ጥያቄዎች ናቸው።

«ይበሰብሳል» ተብሎ የሚሸጥ ከረጢት በእርግጥ ይበሰብሳል? የፖሊኤትሊን የካርቦን ሰንሰለት ውሃም ተራ ተሕዋስያንም በቀላሉ የሚቆርጡት አይደለም። ከበቆሎ ስኳር የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ ሊቆረጥ ይችላል፤ በደንብ የሚበሰብሰው ግን 60 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ማብላያ ውስጥ ነው። ሜዳ ላይ ቢጣል ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ይህን መርምሮ ማረጋገጫ የሚሰጥ ቤተ ሙከራ ከሌለ «የሚበሰብስ» የሚለው ቃል ባዶ የገበያ ቃል ይሆናል።

ቆራሌው የሚሰበስበው ሃይላንድና ጀሪካን አንድ ላይ ቀልጦ ለምን ጥሩ ዕቃ አይወጣውም? የውሃ ጠርሙሱ ፖሊኤስተር ነው፣ ጀሪካኑ ፖሊኤትሊን። ፍሎሪ በ1940ዎቹ ባስቀመጠው ሒሳብ መሠረት ረጃጅም ሰንሰለቶች እንደ ውሃና አልኮል በቀላሉ አይዋሃዱም፤ እንደ ዘይትና ውሃ ይለያያሉ። ስለዚህ መለየቱ ላይ ገንዘብ ያላፈሰሰ መልሶ ማምረቻ ተሰባሪ ዕቃ ያወጣል። ተለይቶ ቢቀልጥም ሙቀቱ በየዙሩ የተወሰኑ ሰንሰለቶችን ይቆርጣል። አዲስ ጥሬ ዕቃ በምን ያህል መጠን ይቀላቀል የሚለውን የሚመልሰው ያው የስታውዲንገር መለኪያና ዘመናዊ ልጆቹ ናቸው።

ጥሬ ዕቃውን ፍሬ ፍሬ ሆኖ በጆንያ ከውጭ ገዝቶ አቅልጦ ቅርጽ መስጠት ሥራ ነው፤ እንጀራም ይወጣዋል። ሆኖም የጆንያው ጽሑፍ እውነት ይሁን ሐሰት መለካት የማይችል አምራች በሻጩ ቃል ይኖራል። ሕግ አውጪውም እንዲሁ። የዚህ ትምህርት መነሻ መሣሪያዎች የሚያስፈራ ዋጋ የላቸውም። ስታውዲንገር የጀመረው በመስታወት ቱቦና በሰዓት ነው። ውዱ ነገር መለኪያውን የሚያነብ ተማሪ፣ ተማሪውን የሚያቆይ ደመወዝ፣ ያነበበውን ሲናገርም የሚሰማው ኃላፊ ነው። ጀርመን ይህን ነበራትና አባረረችው፤ አሜሪካ የተባረረውን ተቀብላ የትምህርት ክፍል ሰጠችው። የፌስታል አዋጅ ተፈጻሚነትም በደንብ አስከባሪው ብዛት ብቻ የሚወሰን አይሆንም። የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው የሚለይ ባለሙያ በየዩኒቨርሲቲው ስንት ሠልጥኗል? ሠልጥኖስ የት ይሠራል? አዋጁ ሲገመገም ከቅጣቱ ቁጥር ጎን ይህም ቁጥር ሊጠየቅ ይገባል።